አበባ ብለን የሰየምነው

ቋንቋችን ጨዋ ነው፡፡ በየወሩ ከሴት ልጅ ማኅፀን የሚወርደውን ደም ‹‹የወር አበባ›› ይለዋል፤ በግእዙም ‹‹ልማደ አንስት›› ይባላል፡፡ (‹‹አደፍ›› የሚለውን ግን እኔ ከጨዋ ቃል አልቆጥረውም፤ ‹‹አደፈ›› ከሚለው ግሥ የወጣ ነውና፡፡) በአበባው ቅሬታ የለኝም፡፡ ሆኖም ሸፋፍኖ መናገር የሚጠቅመው ሽፋኑን ገልጦ ማየት ለሚችል ሰው ብቻ ይመስለኛል፡፡

ዓይኗ የሚያይ፣ ጆሮዋ የሚሰማ ልጅ ከታላቅ እህቷና ከጓደኞቿ ሹክሹክታ ለቃቅማ ምስጢሩን ትደርስበታለች፡፡ መስማት ለተሳናት ልጅ ሹክሹክታው አይደርሳትም፤ የምልክት ቋንቋ የሚያውቁ እናቶችም ጥቂት ናቸው፡፡ ማየት የተሳናት ልጅ የቀላውን ጨርቅ አታይም፤ እርጥበቱ ሲሰማት ሽንት ያመለጣት ሊመስላት ይችላል፡፡ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባት ልጅ ደግሞ አበባ አበባ ነው፤ ደምም ቁስል ነው፡፡

ስለዚህ ትምህርቱ ከደሙ መቅደም አለበት፡፡ ጊዜው አለ፤ ጡት ማጎጥጎጥ ከጀመረ በኋላ የመጀመሪያው ደም እስኪመጣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል ይወስዳል፡፡ ሞዴሱን በእጇ ታስይዟታላችሁ፤ የሚጣበቀውን ጎን በጣቶቿ ትለያለች፤ ከውስጥ ሱሪዋ ጋር ማጣበቅን፣ አውጥቶ ጠቅልሎ መጣልን፣ እጅ መታጠብን ደጋግማ ትለማመዳለች፡፡ ኔፓል ውስጥ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ልጃገረዶች በተዘጋጀው ‹‹ቢሼስታ›› በተሰኘ ዘመቻ ትንሽ ሞዴስ የሚደረግላት አሻንጉሊት ነበረች፡፡ ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ጥበብ አይደለም፡፡

‹‹አታገባ፣ አትወልድ፤ ምን ያደርግላታል?›› የሚሉ አሉ፡፡ ማግባት አለማግባቷን የምትወስነው እርሷ ናት፤ ደሙ ግን ፈቃድ ጠይቆ አይመጣም፡፡ ከዚያም በላይ፣ የገላዋን ክፍሎች በስማቸው የማታውቅ ልጅ አንድ ሰው ያለ ፈቃዷ ቢነካት የት እንደነካት በምን ቃል ትናገር? ዝም ያልነው ለእርሷ ክብር ከሆነ፣ በዝምታችን የሚጠቀመው ሌላ ሰው ነው፡፡ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ25ኛው አንቀጹ የሥነ ተዋልዶ ጤናን በስም ጠርቶ ያነሣል፡፡

ውድ አንባቢ፣ ብዕር ለያዛችሁ አንድ ልመና አለኝ፡፡ ‹‹ይህ ደም ነው፡፡ ቁስል አይደለም፡፡ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይቆማል፡፡ በሚቀጥለው ወር ገደማ ይመለሳል፡፡›› እንዲህ ያለ ጽሑፍ በብሬልም፣ በሥዕልም፣ በምልክት ቋንቋም ያስፈልጋል፤ እርሱን አሳምሮ መጻፍ ቅኔ ከመዝረፍ ይቀላል ብዬ አላምንም፡፡