ጭብጨባ ስምምነት አይደለም
በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ታሪክ «ሕዝቡን አወያይተናል» ለሚል ባለሥልጣን ሁሉ ትምህርት ሊሆን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፓርክ በ1996 ዩኔስኮ አደጋ ላይ ናቸው ከሚላቸው ቅርሶች ተርታ ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። በመካከሉ የግጭ ነዋሪዎች ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። በፓርኩ ለሚኖረው ዋልያ መጨነቅ ተገቢ ነው፤ የነዋሪዎቹ ከብቶች ግጦሽ ያሳደረው ጫናም እውነት ነበር። ግን ገብስ እያመረተ፣ በግ እያረባ የኖረ ገበሬ «ካሳው ሲያልቅ ከተማ ውስጥ ምን ሠርቼ ልብላ?» ቢል ፀረ ልማት አያሰኘውም፤ ዕቅዱ ሊመልሰው የሚገባውን ጥያቄ ነው ያነሳው። የእኛ ስብሰባ እንዲህ ያለውን ሰው አይወድም፦ ረጅም ገለጻ፣ ለአስተያየት አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ጭብጨባ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ»። ሽማግሌዎቻችን ከዚህ ይሻላሉ፤ ሁለቱንም ወገን በየተራ ሰምተው፣ ዞር በሉ ብለው ይመክራሉ፤ የቀረ ነገር ካለም መልሰው ይጠይቃሉ። ቀበሌውም ፓርኩም ከዚህ ይማሩ፦ የተቃወመው ሰው ምክንያትና የተሰጠው መልስ በቃለ ጉባኤው ይስፈር፣ ፊርማ ከመሰብሰቡ በፊትም ለተሰብሳቢው ይነበብ። መልስ ያላገኘ ተቃውሞ እያለ የጸደቀ ውሳኔ ነገ በአቤቱታ ተመልሶ ይመጣል።