«ሰነፍ» ከማለታችን በፊት

በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ማስተማር ዘዴና ስለ መርጃ መሣሪያ ብዙ ተጽፏል። ስለ ጨው ግን የጻፈ አላየሁም። «መምህርና ጨው ምን አገናኛቸው?» የሚል ካለ እስቲ ትንሽ ይታገሠኝ።

ለማስተማር ልምምድ መራዊ ዙሪያ ባሉ ትምህርት ቤቶች ስንመደብ፣ ከኋላ ወንበር የሚያንቀላፋ፣ የተነገረውን ቶሎ የማይዝ፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ አንድ ዙር ሮጦ የሚቀመጥ ልጅ አይጠፋም። እኛም «ሰነፍ» ብለን እናልፈዋለን። ሳይበላ መጥቶ ይሆናል፤ ሥራ በዝቶበትም ይሆናል። አንዱ ምክንያት ግን አንገቱ ላይ ሊኖር ይችላል።

ከጉሮሮ ፊት ለፊት ታይሮይድ የምትባል ዕጢ አለች። የምትሠራው ሆርሞን ሰውነት ምግብን የሚያቃጥልበትን ፍጥነት ይወስናል፤ ለዚህም አዮዲን ያስፈልጋታል። አዮዲን ሲያጥር ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ «ሥሪ! ሥሪ!» እያለች ትወተውታታለች፤ ምስኪኗም በሥራ ብዛት ታብጣለች። እንቅርት የምንለው ይህንን ነው። አንገቱ ያበጠ ሁሉ ሆርሞን ጎድሎታል ማለት አይደለም፤ ከጎደለ ግን ጣጣው አንገት ላይ አያበቃም። እሳቱ እንደ ቀነሰ ምድጃ ሰውነት ይቀዘቅዛል። ጡንቻ ይዝላል፤ ከተኮማተረ በኋላም ለመፍታታት ይዘገያል። በቆዳው አያያዥ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ውኃ የሚይዝ ዝልግልግ ነገር ተጠራቅሞ ፊት ያብጣል፣ ቆዳ ይሻክራል። የልጅ ቁመት ይገታል። የከፋው የእርጉዝ እናት ነገር ነው፤ በማሕፀን ሳለ ክፉኛ የተጎዳ አንጎል በኋላ በሚበላ ጨው አይጠገንም።

አፈራችንን ዝናቡ ለዘመናት አጥቦ አዮዲኑን ወስዶታል። የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያጠጣ የተሠራ ነው፤ ስንዴውና ድንቹ ይበረክታል፣ አዮዲን ግን በቦይ አይመጣም። የጣና ዓሣም እንደ ባሕር ዓሣ አይደለም። ጎተራው ሞልቶ አንገት ሊያብጥ ይችላል ማለት ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአገራችን ከተመረመሩት ተማሪዎች ከ100 ወደ 30 ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል። የጥንቶቹ እናቶች አንገታቸውን የሚነቀሱት ለጌጥ ብቻ ሳይሆን እንቅርት ይከላከላል ተብሎም ነበር።

አዮዲን ያለው ጨው ቀድሞ ከአሰብ ይመጣ ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ቀረ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 204 የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው አዘዘ። ደንቡ መልካም ነው፤ ታዲያ ደንብ ወጥ ውስጥ አይገባ! ጨዉ ክፍት ዕቃ ውስጥ ምድጃ አጠገብ ከተቀመጠ፣ ፀሐይና እርጥበት ካገኘው፣ አዮዲኑ ይቀንሳል። ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ገንዘብ አይጠይቅም። አዋቂ በቀን የሚፈልገው 150 ማይክሮግራም ነው፤ የዕድሜ ልኩ ቢደመር አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

«ይህ የጤና ባለሙያ ሥራ ነው» የሚሉ አሠልጣኞች አሉ። ምርመራውና ሕክምናው አዎን፣ የእነሱ ነው። ልጁን በየቀኑ የሚያየው ግን መምህሩ ነው፤ ወደ ጤና ጣቢያ የሚልከውም ወይ ወደ ማዕዘን የሚያቆመውም እሱ ነው። ስለዚህ የሳይንስ ክፍላችን የጨው መፈተሻ ጠብታ ያስመጣልን፤ አዮዲን ያለው ጨው ላይ ጠብ ሲል ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። በልምምድ ጊዜ ተማሪዎች ከየቤታቸው ቁንጥር ጨው ያምጡና አብረን እንፈትሽ። የመጀመሪያው ቁንጥር ግን ከራሳችን ምግብ ቤት ይምጣ።