ሲበዛ ማር ይመራል

በጓሮዋ ጎመን የተከለች ባልትና ዐዋቂ ሴት ከበረት የወጣውን ፍግ በልክ ብታደርግለት ጎመኑ ይለመልማል። «ጥቂቱ ይህን ያኽል ከጠቀመው ብዙው ምንኛ ይጠቅመው!» ብላ ትኩሱን ፍግ ብትከምርበት ግን ቅጠሉ ገርጥቶ፥ ሥሩ ተቃጥሎ ታገኘዋለች። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ይኸው የጓሮ ነገር ነው፤ ልዩነቱ ጓሮው አንድ አገር፥ ጎመኑም ደን መሆኑ ነው።

ከምንተነፍሰው አየር ከመቶው 78ቱ እጅ ናይትሮጅን የሚባለው ነው። ተክል ሁሉ ያለ ናይትሮጅን አያድግም፤ ነገር ግን በአየር ውስጥ እንዳለ ሊመገበው አይችልም። ከጥንት ጀምሮ ለተክል ምግብ እንዲሆን የሚለውጡት መብረቅና በዐይን የማይታዩ ረቂቃን ተሐዋስያን ነበሩ፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ በባቄላና በአተር ሥር ይኖራሉ። ገበሬያችን ስንዴውን ከባቄላ ጋር ማፈራረቁ ስለዚህ በከንቱ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1909 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ፍሪትዝ ሐበር የሚባለው ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ የአየሩን ናይትሮጅን በብልሃት ወደ አሞንያ ለወጠው፤ ካርል ቦሽም በ1913 በፋብሪካ በብዛት እንዲሠራ አደረገ። ዩሪያ የምንለው ማዳበሪያ የዚህ ሥራ ልጅ ነው። እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚመገብበት ስለ ሆነ ልናማው አይገባንም።

ነገር ግን ከመጠን ያለፈው ወዴት ይሄዳል? ለዚህ ሆላንድን እንመልከት። ስፋቷ ከ42,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ይህች አገር ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ከብቶች፥ 10 ሚሊዮን ያኽል አሳማዎች፥ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጉ ዶሮዎችም አሏት። ከመኖው ብዙው በመርከብ ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ ፍጉ ግን በአብዛኛው እዚያው ይቀራል። ሽንትና እበት ሲቀላቀሉ አሞንያ ይተናል፤ ጧት በረት ገብቶ ዐይኑን ያቃጠለው ሁሉ ሽታውን ያውቀዋል። የመኪናና የፋብሪካ ጢስም ሌላ ዓይነት ናይትሮጅን ይጨምርበታል። ይህ ሁሉ በነፋስ ተጕዞ፥ ከዝናብ ጋርም ያለ ዝናብም፥ ፌሉዌን በመሰሉ ደኖች ላይ ይወርዳል።

በመጀመሪያ ዛፉ የፋፋ ይመስላል። ኋላ ግን አፈሩ ይኮመጥጣል፤ ካልሲዩምና ማግኒዚየምም ታጥበው ይሄዳሉ። ሳማና እንጆሪ በርትተው ለስስ አፈር የተፈጠሩትን አበቦች ይውጧቸዋል። ከዛፍ ሥር ጋር ተዋሕደው ውኃና ማዕድን የሚያቀብሉት እንጕዳዮች ይመነምናሉ። ካልሲዩም ሲያንስ ዛጎሏን ከእርሱ የምትሠራው ቀንድ አውጣ ትጠፋለች፤ እርሷ ስትጠፋም ለዕንቍላሏ ቅርፊት የሚሆነውን ከዚያ ዛጎል የምትለቅመው ትንሽ ወፍ ዕንቍላሏ ሳስቶ ይሰበርባታል። የአገሪቱ ተመራማሪዎች የዛጎልና የዕንቍላል ቅርፊት ስባሪ በደኑ ቢያኖሩላት የዕንቍላሏ ጕድለት ቀነሰ፤ የችግሩም ምንጭ በዚህ ታወቀ።

በ2019 በሜይ 29 ቀን የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት መንግሥት ፈቃድ የሚሰጥበትን ደንብ ስለ ሻረው፥ ብዙ ሺህ የግንባታና የእርሻ ሥራዎች ተሰናከሉ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ገበሬዎች በትራክተር ወደ ሄግ ጐረፉ። በማርች 2020 ደግሞ በዐውራ ጐዳና ላይ መኪና በቀን በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሮጥ ታዘዘ።

ፍርዱ ለማንም ቀላል አይደለም። ደኑ እየታመመ ዝም ማለት አይቻልም። ነገር ግን «ብዙ አምርት» ሲባል ኖሮ፥ ከባንክ ተበድሮ የአባቱን በረት ያሰፋ ገበሬ ዛሬ «ከብትህን ቀንስ» ሲሉት ቢመረው ይፈረድበታልን? ርካሹን ሥጋና ወተት የገዛው ከተሜም፥ በውጭ አገር የሸጠው ነጋዴም የዕዳው ተካፋዮች ናቸው። በእኛ አስተያየት ሸክሙን ገበሬው ብቻውን እንዲሸከመው ማድረግ ደኑንም አያድን፥ ሰላምንም አያመጣ።

በአገራችን ብዙው ማሳ ሕመሙ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አፈሩን የሚመግበው እበት ኩበት ሆኖ በምድጃ ይነዳል። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችንን ከምናስተምራቸው ነገር አንዱ ልክ ይሁን። ሌላ ማገዶ የሚገኝበት ቤት እበቱን ለማሳው ያቈይለት፤ ማዳበሪያ የሚገዛም ለሰብሉ በሚበቃው መጠን ይስጥ፤ ፍጉንም ከወንዝ አርቆ በጕድጓድ ሸፍኖ ያብስለው።