36ቱ ሳያልቅ

እሑድ ለቡና ተሰብስበን ሳለ የእህቴ ልጅ ስልኳን አውጥታ አንድ ጊዜ ቀጭ አደረገችን። «እስቲ አሳዪን» አልናት። «አይቻልም፤ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው የሚታጠበው» አለች። ስልክ! የሚታጠብ! ለካ ያነሱትን ፎቶ ደብቆ የሚያሳድር መተግበሪያ አለ፤ እንደ ድሮ ፎቶ ቤት «ነገ ና» የሚል። መጉላላትን ፈልጎ የሚጭን ትውልድ ለማየት በቃሁ።

ከስልክ ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ የምታውቁ አንባብያን ዛሬ ከፊልሙ ወገን ይሰለፋል ብላችሁ ይሆናል። አልሰለፍም። «ፊልም ነፍስ አለው» የሚሉኝ ወጣቶች በዝተዋል። ፊልም ነፍስ የለውም። ፊልም ያለው ብር ነው፤ በሁለቱም ትርጉሙ። ብርሃን ሲነካው የሚለወጥ የብር ጨው፣ ከከብት አጥንትና ቆዳ በወጣ ጄላቲን ተለውሶ ፕላስቲክ ላይ ይቀባል፤ በቃ። የጾም እንኳ አይደለም።

እኔን በሽታው የያዘኝ በ1978 ዓ.ም፣ በ15 ዓመቴ ነው። አጎቴ ሞስኮ ተምሮ ሲመለስ ዜኒት-ኢ ይዞ መጣ፤ ከነሌንሱ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ፣ ባትሪ የማይጠይቅ፣ ሲያነሱበት እንደ ሳጥን ክዳን ጓ የሚል ብረት። አብሮት አምስት ጥቅል ኦርዎ ነበር፤ ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ የቀረው የቮልፈኑ የአግፋ ፋብሪካ እንደ ፈረንጆቹ በ1964 ስሙን ለውጦ ያወጣው ፊልም፣ ጥቁርና ነጩ። አጎቴ ሥራ ሲይዝ ካሜራውን ረሳው። እኔ አልረሳሁትም።

የመጀመሪያውን ጥቅል ራሴ አጥባለሁ ብዬ ገደልኩት። ፊልም ከቆርቆሮው ወጥቶ ማጠቢያው ውስጥ እስኪገባ ድፍን ጨለማ ይሻል። እኔ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ተከናንቤ ገባሁበት። ጋቢ ነጭ መሆኑ ትዝ ያለኝ ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር ከሰል ሆኖ ሲወጣ ነው።

ያዳነኝ ፒያሳ ፎቶ ቤት የነበራቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው። የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎቹ የአርመኖቹ የቦያጂያኖች ደጅ ላይ ነው ያደግሁት ማለት ይወዱ ነበር። ይህን አምኛቸው አላውቅም፤ እጃቸውን ግን አምናለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ውኃ እየቀዳሁ፣ ፎቶ እያለቀለቅሁ፣ የጨለማ ክፍሉን ቀይ መብራትና የኮምጣጤ ሽታ ለመድኩ። ባዶ ወረቀት መድኃኒቱ ውስጥ ተኝቶ መጀመሪያ ፀጉር፣ ከዚያ ዓይን ያወጣል፤ የነጠላው እጥፋት ከሁሉ ኋላ ይመጣል።

የነጠላን ነገር ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። የዜኒት ብርሃን መለኪያ ሞኝ ነው። ነጠላ የለበሰች ሴት ፊት ሲቆም ነጩን አይቶ «ብርሃን በዛ» ይላል፤ የሰማው ሰው ነጠላውን ዐመድ፣ ፊቷን ጥላሸት አድርጎ ይመለሳል። «የእጅህን ጀርባ ፊቷ አጠገብ ዘርጋና እሱን ለካ» አሉኝ። «ያዘዘችህ ፊቷን ነው፤ ነጠላዋንማ ቤቷ አላት።»

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ጽሑፉ ስለ ስልክ ነበር።

አንድ ጥቅል 36 ነው፤ በጥንቃቄ ካጎረሱት 38 ይወጣዋል። ሠፈሩ ሁሉ «አንሳኝ» ሲል 38 የት ይደርሳል? የወረቀት የሚከፍሉትንና ዓይኔ ያረፈባቸውን ልጃገረዶች በፊልም፣ የቀረውን ሰው በባዶ ካሜራ ማንሳት ጀመርኩ። ድምፁ ያው ነው። ፊልም ሲኖር በግራ በኩል ያለው መጠቅለያ አብሮ ይዞራል፤ ባዶ ሲሆን ዝም ይላል። ይህን የሚያውቅ ግን ሠፈራችን ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቤታችን የምትሠራ የመንዝ ልጅ ነበረች። ለፋሲካ ነጠላዋን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ መጣች። ለእናቷ ልትልክ ነው፤ ከተለያዩ አራት ዓመታቸው። ካሜራው ባዶ ነበር። «ፊልም የለም» ማለት እንዴት ያቅታል? አቃተኝ። እንዲያውም ከፀሐዩ አውጥቼ የግድግዳው ጥላ ሥር አቆምኳት። የእጄን ጀርባ ፊቷ አጠገብ ዘርግቼ ብርሃን ለካሁ። ተንበረከክሁ። አንድ፣ ሁለት። ጓ አለ። እሷ ትንፋሿን እንደያዘች ነበረች፤ «አለቀ» እስክላት አልለቀቀችም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ከፒያሳ በተመለስኩ ቁጥር «ታጠበ?» ትለኛለች። «36ቱ አላለቀም» እላለሁ። በሐምሌ አዲስ ጥቅል አጎረስኩ፤ የሠፈሩን የእግር ኳስ ቡድን አንስቼ ጨረስኩት። ያኔ እሷን ለምን አላነሳኋትም? ባነሳት የፊተኛው ውሸት ይወጣል።

በጥቅምት «እናትሽ ታማለች» ተብሎ ተላከባት። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሣጥኗን ተሸክሜ ሸኘኋት። ከመሳፈሯ በፊት ፎቶውን በቀበሌያቸው ትምህርት ቤት፣ በመምህሩ ስም ብልከው እንደሚደርሳት ነገረችኝ፤ የመምህሩን ስም ከነአባቱ ሁለት ጊዜ ደገመችልኝ። ኪሴ ውስጥ የነበረውን የኦርዎ ካርቶን ገልብጬ ጀርባው ላይ ጻፍኩት።