ሃፍ ጋርድ የመሸነፊያ ቦታ አይደለም

ዛሬ ስለ ፈተና ውጤት አይደለም የምጽፈው። ጁ-ጂትሱ የጀመራችሁ የድሮ ተማሪዎቼ በኢንቦክስ የምታመጡትን ጥያቄ አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው። የማትሠሩትም አንብቡት፣ ከፊዚክስ አይከብድም።

ጥያቄው ዞሮ ዞሮ አንድ ነው። «ቲቸር፣ በ20 ኪሎ የሚበልጠኝ ሰው ከላይ ሲጫነኝ ሃፍ ጋርድ እይዛለሁ፤ ከዚያ ግን መተንፈስ ያቅተኛል። አሠልጣኙም እዚያ ውስጥ አትግባ ይለኛል። ልተወው ወይ?»

አትተወው! እንዲያውም ሰውነቱ ቀለል ያለ ጀማሪ ከብዙ ነገር በፊት መማር ያለበት እሱን ነው ባይ ነኝ። አሠልጣኞች እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ፣ ይቆጡ።

ለማያውቁት፦ በብራዚል ጁ-ጂትሱ ከታች ሆነህ ተጋጣሚህን በሁለት እግሮችህ ስትቆጣጠረው ጋርድ ይባላል። ሃፍ ጋርድ ደግሞ አንድ እግሩን ብቻ በሁለት እግሮችህ መሃል ቆልፈህ ስትይዝ ነው። ያቺን እግር ካስለቀቀ አልፎህ ሄደ፤ ጎንህ ላይ ይጫናል ወይም ደረትህ ላይ ይቀመጣል።

እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) እዚያው ብራዚል ውስጥ እንኳ ሃፍ ጋርድን ሰው የሚያየው ጋርዱ ሊታለፍ ሲል ለትንሽ ጊዜ የሚንጠለጠልበት ቦታ አድርጎ ነበር። ይህን በመቀየር ስሙ የሚነሳው ሮቤርቶ ኮሬያ ነው፣ «ጎርዶ» የሚሉት (ወፍራሙ እንደማለት ነው)። ሰውየው ጉልበቱን ተጎዳ። ልምምድ ማቆም ግን አልፈለገም። የታመመውን ጉልበት ለመጠበቅ ሲል ሃፍ ጋርድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ማሳለፍ ጀመረ፣ ቆይቶ ከዚያው ሆኖ ሰው ይገለብጥ ጀመር። በ2015 በርናርዶ ፋሪያ በክብደቱም፣ ክብደት በማይለይበት ምድብም የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ዋና መሣሪያው ሃፍ ጋርድ ነበር፣ በተለይ ተጋጣሚው ስር ጠልቆ የሚገባበት ዲፕ ሃፍ የሚባለው። ፋሪያ ደግሞ ግዙፍ ሰው ነው። ስለዚህ «የደካማ ጨዋታ ነው» የሚለውን ወሬ ተዉት።

ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ውድድር ሃፍ ጋርድህ ውስጥ ከላይ ስለተቀመጠ ብቻ ነጥብ የለውም። ካለፈህ 3 ያገኛል፣ ከገለበጥከው 2 ታገኛለህ። ጁዶ ውስጥም መሬት ላይ ተይዘህ ሰዓት እየተቆጠረብህ እያለ እግሩን በእግሮችህ ከቆለፍክ ቆጠራው ይቋረጣል። አንድ እግር ማለት እኮ ይህን ያህል ነገር ነው።

ታዲያ ልጆቻችን ለምን ይታፈናሉ? እኔ ከልጅነታችን የመጣ ይመስለኛል። ሰፈር ውስጥ ትግል ስንገጥም ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ፣ አለቀ፣ ሌላ ሰው ይግባ። ጁ-ጂትሱ ላይም ጀርባችን ሲነካ ውስጣችን «በቃ» ይላል። እግሩን ጨምድደን እንደ ጀንዴ ተዘርግተን ዳኛው እስኪያስነሳን እንጠብቃለን። ይሄ ሃፍ ጋርድ አይባልም፣ ወረፋ መጠበቅ ነው።

ሥራው የሚጀምረው በጎን ከመተኛት ነው። ሁለቱም ትከሻህ መሬት ከነካ ክብደቱ በሙሉ ደረትህ ላይ ነው፤ በጎንህ ከሆንክ ግን ዳሌህ ይንቀሳቀሳል። ቀጥሎ የላይኛውን ጉልበትህን በሱ ደረትና በአንተ መሃል አስገባ፣ ኒ ሺልድ የሚሉት ይሄ ነው። የሱን ክብደት በክንድህ ጡንቻ ሳይሆን በጭን አጥንትህ ትሸከመዋለህ (11ኛ ክፍል የተማራችሁትን አስታውሱ)። ከዚያ እጅህን ከያዝከው እግር ጋር በአንድ ወገን ባለው ብብቱ ስር አስገባ። አንደርሁክ ነው። እሱን ካገኘህ ተነስተህ ጀርባው ላይ ትወጣለህ ወይም ትገለብጠዋለህ። እሱም ይህን ስለሚያውቅ ክንዱን ከአንገትህ ስር አሳልፎ በትከሻው አገጭህን ሊያዞርብህ ይታገላል። ጭንቅላትህ ከዞረ ሰውነትህም ይከተላል፣ ወዲያው ተዘረጋህ። እኔ ከማያቸው ልጆች አብዛኞቹ የሚሸነፉት እዚህች የእጅና የአገጭ ትግል ላይ ነው እንጂ እግር ላይ አይደለም።

አንደርሁክ አገኘሁ ብለህ እጅህን ዘርግተህ መተኛት ግን ሌላ ጣጣ አለው። ዳርስ የሚባለው ማነቂያ የሚመጣው በዚያው ክፍተት ነው። ከያዝክ ተነስ፣ ወደሱ ተጠጋ።

«ቡጢ ሲኖርስ?» ለሚሉኝ፦ ልክ ናችሁ። ድብልቅ ፍልሚያ ውስጥ ከታች መሆን ያስመታል፣ በጀርባ ተዘርግቶ መተኛት ደግሞ የባሰ ነው። እዚያ ሃፍ ጋርድ የመነሻ መንገድ ብቻ ነው፣ ጊዜ አይፈጅበትም። እኔ የምጽፈው ግን ቅዳሜ ጠዋት ምንጣፍ ላይ ከሚከብዱት ሰዎች ጋር ለሚሠራ 55 ኪሎ ልጅ ነው። እሱን «ሃፍ ጋርድ ውስጥ አትግባ» ማለት ዝናብ ላይ አትገኝ እንደማለት ነው፤ ወደደም ጠላም ይገባበታል፣ በየዙሩ። ሳይማረው ሲቀር ምን እንደሚሆን አይተናል፤ ሁለት ወር ይታፈናል፣ ከዚያ ስፖርቱን ይተዋል። ጎበዝ ጎበዝ ልጆች በዚህ ምክንያት ሲያቆሙ ያናድደኛል።

ስለዚህ አሠልጣኛችሁን በአክብሮት ጠይቁት፦ ለአንድ ወር በየልምምዱ 5 ደቂቃ ከሃፍ ጋርድ እንድትጀምሩ ይፍቀድላችሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ መገልበጥ የሚባል ነገር አታስቡ። በጎን መቆየት ብቻ። ሁለቱም ትከሻ መሬት ከነካ እንደገና ጀምሩ። ጉልበታችሁ ሲጠማዘዝ ከተሰማችሁ ደግሞ ቶሎ መታ መታ አድርጉና ልቀቁ፣ ሰኞ በእግራችሁ መሄድ አለባችሁ።

ቪዲዮ ካላችሁ ላኩልኝ፣ እርማት ስጨርስ አየዋለሁ።