ብርዝና ጠጅ

በአራዳ የነበረው ዶሮ ማነቂያ በመጠጥ ቤቶቹ የታወቀ ሰፈር ነበር። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ቢፈርስም፣ «አልጠጣም» ያለውን ሰው እንደ ኩሩ የመቍጠር ልማድ ግን ገና አልፈረሰም።

ፈረንጆች ለእንዲህ ያለው እንግዳ ነጩን የወይን ጠጅ ከጠመቁ በኋላ አልኮሉን አውጥተው ያቀርቡለታል፤ ነገር ግን ከአልኮሉ ጋራ መዓዛውና ጣዕሙም በከፊል ይሄዳል። የእኛ ብርዝ ማርና ውኃ ብቻ ስለ ሆነ የሚወጣለት ነገር የለም። ጠጅ የሚሆነው ጌሾ ገብቶበት፣ ቀናት ሰንብቶ ሲፈላ ነው። ብርዝም ቢሆን ከሰነበተ በራሱ መፍላቱ አይቀርምና፣ እንደ ተበጠበጠ ሊጠጣ ይገባዋል።

እንግዲህ ወጣት ሆይ፣ ግብዣ ስታደርግ ብርዙንም እንደ ጠጁ በብርሌ አቅርብ። እንግዳን የሚያስከብረው ማሩ ነው እንጂ ስካሩ አይደለም።