ረጅሙን ልጅ ሁሉ ቀለበት ስር አትትከሉት

አፍንጮ በርም ሆነ ፒያሳ፣ ሰፈር ውስጥ ባስኬት የምታሰለጥኑ ወንድሞችና እህቶች፣ እስቲ ይቺን እንነጋገርባት። ሁለት-ሦስት ዞን ስንሠራ ልማዳችን ይታወቃል፦ አጫጭሮቹ ከፊት፣ ረጃጅሞቹ ከኋላ፣ የሁሉም ረጅም መሀል። ቁመት ለክቶ ማሰለፍ ለትምህርት ቤት ሰልፍ ይሆናል እንጂ ለዞን አይበቃም።

እኔ እንደሚመስለኝ መሀል የሚቆመው መጀመሪያ አፍ ያለው ልጅ መሆን አለበት። ሜዳው ሁሉ ከፊቱ ነው፤ በጋርዶቹ ጀርባ የሚገባውን የሚነግራቸው እሱ ነው። ዝም ካለ 2 ሜትር ቢረዝምም ዞኑ ዕውር ነው። ከፊት ያሉት ሁለቱ እግራቸው የማይደክም ይሁኑ፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሆነው ሦስት ሰው ነው የሚጠብቁት።

ክንደ ረጅሙንና ፈጣኑን ከኋላ ጠርዝ ላይ አድርጉት። የዚህ ዞን ቁስል የኮርነር ሦስት ነጥብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካ ኮሌጆች ፍጻሜ ሲራኪዩስ ካንሳስን 81 ለ 78 ሲያሸንፍ፣ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች አቻ ሊያደርግ የነበረውን የኮርነር ውርወራ ሮጦ ደርሶ ያገደው ረጅሙ ሀኪም ዋሪክ ነው። ቀለበት ስር ተተክሎ ቢሆን አይደርስም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። የቀሩንን ልጆች በሜትር ከመረጥን አጭሩ «ባስኬት ለኔ አይደለም» ብሎ ይቀራል፣ ረጅሙም እግሩን ሳያሠራ ያድጋል። ቦታ ከመደልደላችሁ በፊት አንድ ቀን አጫውታችሁ ማን እንደሚጮህ፣ ማን ቶሎ እንደሚደርስ እዩ።

እናንተስ መሀል ማንን ታቆማላችሁ?